ከተማችን ከየት ትጀምር? የስማርት ሲቲ አማራጮችን ለሚመርጡ የከተማ አስተዳደሮች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

አንድ የከተማ አስተዳደር ለስማርት ሲቲ፣ ማለትም በቴክኖሎጂ ለሚታገዝ የከተማ አሠራር፣ በጀት መያዙ በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት በፕሮጀክት ሐሳቦች ይጥለቀለቃል። አንዱ አቅራቢ ካሜራና ትልልቅ ስክሪን ያለው የመቆጣጠሪያ ማዕከል ይዞ ይመጣል፤ ሌላው የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ካርታና መዝገብ) ሥርዓት፣ ሌላው ባለጉዳይ በስልኩ የሚገለገልበት መተግበሪያ፣ ሌላው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ከባዶ የሚገነባ የቴክኖሎጂ መንደር ያቀርባል። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ እርስ በርስ የሚወዳደሩ አይመስሉም፤ በተግባር ግን የሚሻሙት አንድ በጀት፣ ጥቂት ባለሙያዎችና አንድ የሥራ ዘመን ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ የኢትዮጵያ ከተሞች ካቢኔዎችና ምክር ቤቶች ነው። ከሕንድ፣ ከሩዋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሴራሊዮንና ከብራዚል የመጡ ምሳሌዎችን የምጠቅሰው እነዚህ አገሮች ዋጋ ከፍለው የተማሩትን እኛ እንደገና ከፍለን እንዳንማረው ነው።

## በቅድሚያ መስፈርቱ

የአቅራቢውን ማብራሪያ ከመስማት በፊት መስፈርቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ማብራሪያው ከተሰማ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ለአንዱ አቅራቢ ተለክቶ የተሰፋ መሆኑ አይቀርም። እኔ አምስት መስፈርቶችን እጠቀማለሁ።

የመጀመሪያው፣ ሥራው የትኛውን ባለጉዳይ ከየትኛው ምልልስ እንደሚያድነው ነው። «የከተማውን አገልግሎት ያዘምናል» የሚለው እንደ መልስ ሊቆጠር አይገባም፤ «ስም ለማዛወር የሚመጣ ሰው በሁለት ቀጠሮ ይጨርሳል» የሚለው ግን በዓመቱ መጨረሻ ሊለካ ይችላል።

ሁለተኛው የማስቀጠያ ወጪ ነው፤ ካቢኔዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግዢው አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜም በዕርዳታ ወይም በብድር ይሸፈናል። የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳት፣ የኢንተርኔት መስመር፣ መለዋወጫ፣ ባትሪ፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የባለሙያ ደመወዝ ግን በየዓመቱ ከከተማው መደበኛ በጀት ይወጣሉ። የፈቃድ ክፍያው በዶላር የሚታሰብ ከሆነ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ ያው ውል ለከተማው ምን ያህል እንደከበደ ያየ ሰው ጉዳዩን በቀላሉ አያልፈውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አቅራቢ የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ በብር ተሰልቶ እንዲቀርብ ማስገደድ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው፣ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ የለም። ከመስመር ውጭ መዝግቦ ኋላ የሚያስተላልፍ ሥርዓትና መስመር ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ የሚቆም ሥርዓት በዋጋ ተመሳሳይ ቢሆኑ እንኳ አንድ አይደሉም።

አራተኛው የመረጃው ባለቤትነት ነው። ውሉ ሲያበቃ ከተማው መረጃውን ሌላ ድርጅት ሊያነበው በሚችል ቅርጽ ይረከባል ወይስ ከአቅራቢው ጋር ታስሮ ይቀራል? የነዋሪው የግል መረጃስ በማን እጅ ይቆያል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ጥያቄ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ሆኗል።

አምስተኛው ተጠያቂነት ነው። ሥራው ሲበላሽ ነዋሪው ማንን ይጠይቃል? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረችው የስማርት ከተሞች ፕሮግራም 100 ከተሞች እያንዳንዳቸው በክልላዊ መንግሥቱና በከተማው እኩል ድርሻ የተያዘ ልዩ ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ተደርጓል። ኩባንያው ግዢን አፋጥኗል፤ ነገር ግን ነዋሪው የመረጠው የከተማ ምክር ቤት ከውሳኔው ዳር ቆሟል የሚል ጠንካራ ትችት አስከትሏል። አብዛኛው ገንዘብም በከተሞቹ ውስጥ ተመርጠው በተከለሉ ትንንሽ አካባቢዎች ላይ ውሏል። ፕሮግራሙ በአምስት ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ተደጋጋሚ ጊዜ ተራዝሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ተዘግቷል።

## የመቆጣጠሪያ ማዕከል

ፎቶግራፍ ላይ ከሁሉም የሚያምረው አማራጭ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ማዕከል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የተከፈተው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ከባድ ዝናብና የመሬት መንሸራተት በርካታ ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው። ማዕከሉ የተሳካለት በስክሪኖቹ ብዛት አይደለም። ወደ 30 የሚጠጉ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ አንዱ ያየውን ሌላው ወዲያው እንዲያውቅ መደረጉና ከንቲባው ራሱ ከጀርባው መቆሙ ነው ሥራውን ያስኬደው። በሕንድ ከተሞችም ማዕከሎቹ በኮቪድ ወቅት ጠቅመዋል፤ አምቡላንስ የሚልክ፣ የሆስፒታል አልጋ የሚቆጥርና ስልክ የሚመልስ ሰው በአንድ ቦታ ስለተገኘ።

እንግዲህ ጥያቄው ማዕከሉ አንድ አደጋ ሲያሳይ የሚነሣ ኃይል አለ ወይ ነው። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና ያለው ከተማ ሁለት መቶ ካሜራ ቢተክል እሳቱን ቀድሞ ያየዋል እንጂ ቀድሞ አይደርስም። የማስቀጠያ ወጪው አንድ ከተማ በራሱ አቅም ሊሞክራቸው ከሚችላቸው አማራጮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ካሜራ በአቧራ፣ በፀሐይና በኃይል መዋዠቅ ቶሎ ይጎዳል፣ የምስል ማከማቻውም በየጊዜው ይሞላል። ከግል መረጃ አንጻርም በጣም ጥንቃቄ የሚሻው ይኸው ነው፤ ምስሉን ማን እንደሚያይ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለማን እንደማይሰጥ በደንብ ሳይጻፍ አንድ ካሜራ እንኳ መሰቀል የለበትም።

ለአንዳንድ ከተሞች ግን ይህ አማራጭ ከፊት ሊሰለፍ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ውኃው የመጣው ከላይኛው ተፋሰስ በጣለ ዝናብ ነበር። እንዲህ ላለ ከተማ ከላይ የሚተከሉ የዝናብና የወንዝ መለኪያዎች፣ ሌሊት የሚነቃ ተረኛና በየሰፈሩ የሚጮህ ሳይረን ያሉበት አነስተኛ ማዕከል የሕይወት ጉዳይ ነው። ዋጋውም ከካሜራ መረብ በእጅጉ ያንሳል።

## የመሬትና የአድራሻ መዝገብ

በአንድ የክልል ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ከማልረሳቸው ባለጉዳዮች አንዷ የሟች ባለቤታቸውን ይዞታ በውርስ ወደ ስማቸው ለማዞር የመጡ እናት ናቸው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን በባለቤታቸው ስም ፈለገ፣ በቤት ቁጥሩም ፈለገ፤ ሲያጣው «እማማ፣ ነገ ይመለሱ» አላቸው። ነገ ሰኞ ሆነ፤ ሰኞ ሌላ ሳምንት ሆነ። ፋይሉ የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የቀበሌው ወሰን ሲቀየር የቤት ቁጥሩም ተቀይሮ ስለነበር፣ አቃፊው በአሮጌው ቁጥር በሲባጎ ከታሰሩ ሌሎች ፋይሎች ጋር መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። በውስጡ ያለው ፕላን ደግሞ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር አራት ሜትር ያህል አይገናኝም። ማንም እጅ መንሻ አልጠየቃቸውም፣ ማንም አላመናጨቃቸውም። ሠራተኛው ከልቡ ፈልጎላቸዋል፤ የፈለገበት መዝገብ ግን የሚገኝበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ከሌሎቹ አማራጮች ይልቅ በዚህኛው ላይ የምቆየው ሌሎቹ ሁሉ ሳያውቁት የሚደገፉት በእሱ ላይ ስለሆነ ነው። ቤቱ የማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ካልታወቀ የግብር ሥርዓት፣ የግንባታ ፈቃድ መተግበሪያ፣ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ፣ የአምቡላንስ ጥሪ ሁሉም እዚያው ይሰናከላሉ። «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ተብሎ የሚነገር አድራሻ ለሰፈሩ ሰው ይበቃል፤ በሌሊት ለሚበር አምቡላንስ ግን አይበቃም።

የሕግ መሠረቱ አለ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታዎች ተረጋግጠው፣ ተቀይሰውና ተመዝግበው እንዲያዙ ይደነግጋል። በገጠርም አገሪቱ የምትኮራበት ልምድ አላት፤ በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ወሰናቸው በአየር ፎቶግራፍ ላይ ተለይቶ ለአርሶ አደሮች ካርታ ያለው ደብተር ተሰጥቷል። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በተመሳሳይ መንገድ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዝግባለች። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የታተመ የአየር ፎቶግራፍ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ በአንድነት ይቆማሉ፣ በአጭር ሥልጠና የተመለመሉ የአካባቢው ወጣቶች ሁሉም የተስማሙበትን ወሰን በእስክሪብቶ ያሰምራሉ። ለአንድ ይዞታ የወጣው ወጪ ከ10 ዶላር በታች ነበር። እያንዳንዱን ማዕዘን ውድ በሆነ መሣሪያ በሴንቲሜትር እንለካ ቢባል ሥራው በአሥር ዓመትም ባላለቀ ነበር። ለከተማ መሬት የሚፈለገው ትክክለኛነት ከገጠሩ እንደሚበልጥ አልክድም፤ ሰፈር በሰፈር፣ በጎረቤት ምስክርነት የመሥራት ዘዴው ግን ለከተማም ያገለግላል።

ይህ አማራጭ ወጪውን ሊመልስም ይችላል። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2020 በከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር ዘመን በሳተላይት ምስል እየተመራች ቤቶቿን እንደገና ቆጥራ፣ በግብር መዝገቧ የነበሩትን ከ57 ሺህ ገደማ ቤቶች ወደ 120 ሺህ ገደማ አሳድጋለች። የቤቱ ዋጋ የሚገመተው በዓይን በሚታዩ ነገሮች ነው፦ በስፋቱ፣ በጣሪያው፣ በግድግዳው፣ በአካባቢውና መንገድ ቢደርሰው ባይደርሰው በሚሰጥ ነጥብ። የጣሪያና ግድግዳ ግብርን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በእኛም አገር የንብረት ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ፣ መዝገቡ ያልጠራ ከተማ ወይ ግብሩን አይሰበስብም ወይ ከተመዘገቡት ጥቂቶች ላይ ብቻ ደጋግሞ ይሰበስባል። ይህ ሁለተኛው ፍትሕ የጎደለው ነው፤ በነዋሪውና በከተማው መካከል ያለውንም እምነት ይሸረሽራል።

የዚህ አማራጭ ድካሞች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መዝገብ ካልታደሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል። በሩዋንዳ የስም ዝውውር ክፍያው ለትንሽ ይዞታ ባለቤቶች ስለከበዳቸው ሽያጫቸውን ሳያስመዘግቡ የቀሩ ጥቂት አይደሉም፤ መዝገቡም በዚያው መጠን ከእውነታው እየራቀ ሄዷል። ስለዚህ የዝውውር ክፍያን ዝቅ ማድረግ የሶፍትዌሩን ያህል የሥርዓቱ አካል ነው። ሁለተኛ፣ የምዝገባ ቀን ደካማው መብቱን የሚያጣበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሰነድ አልባ ይዞታ ላይ የሚኖሩ፣ በከተማ ዳር መሬታቸው ወደ ከተማ ክልል የገባባቸው አርሶ አደሮችና ስማቸው ከባላቸው ጋር ያልተጻፈ ሚስቶች በመጀመሪያው ቀን ካልተጠየቁ፣ ኮምፒዩተሩ የቆየውን በደል አጽንቶ ይጽፈዋል።

## የአንድ ማዕከል አገልግሎት

ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት በአንድ መስኮት እንዲጨርስ ማድረግ ነዋሪው ፈጥኖ የሚያየው ለውጥ ነው። በአገራችን መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ከተሞች ይህንኑ መንገድ ለመከተል ተነሳስተዋል። መሠረቶቹም ተጥለዋል፦ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ማንነትን፣ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ ክፍያን ይሸፍናሉ። አንድ ከተማ የራሱን የመታወቂያ ሥርዓት ወይም የራሱን የክፍያ መተግበሪያ ላሠራ ካለ፣ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ እያወጣ ነው።

የመንግሥት አገልግሎት በኢንተርኔት ከሚሰጥበት ከሩዋንዳው ኢሬምቦ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ድረ ገጹ አይደለም። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በሰፈሩ ወዳለ ወኪል ሄዶ በአነስተኛ ክፍያ እንዲገለገል ታስቦበት ነበር። እኛም ጋ በየማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አሠልጥኖ ወኪል ማድረግ እነሱን ከሥራ ከማፈናቀል ይሻላል። ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ መስኮቱ አንድ ቢሆንም ከጀርባው ያሉት ሰባት ፊርማዎች ሰባት ሆነው ከቀሩ፣ ባለጉዳዩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ቶሎ አይጨርስም። ስለዚህ ከግዢው በፊት የሚሰረዙ ፊርማዎች ዝርዝር ለካቢኔው ቀርቦ ይጽደቅ።

## ነዋሪው የሚሠራው ካርታ

በዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ራማኒ ሁሪያ በስዋሂሊ «ክፍት ካርታ» ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሰፈር ነዋሪዎች ስልክ ይዘው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሰፈሮች መንገድ፣ ቤትና ቦይ ሁሉም ሰው በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል ካርታ ላይ አሰፈሩ፤ ጎርፉ የት እንደሚደርስና የትኛው ቦይ እንደተደፈነ ለማወቅም ረዳ። ካርታው የይዞታ መብት አያረጋግጥም፤ ለመብት ክርክርም ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን የፈቃድ ክፍያ የለበትም፣ ከመስመር ውጭ ይሠራል፣ መረጃውም የሁሉም ነው። ዩኒቨርሲቲ ላለው ከተማ ተማሪዎችን በክረምት ማሰማራት በቂ ነው።

## ከባዶ የሚገነባ ከተማ

ኬንያ ከናይሮቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ኮንዛ የተባለችውን የቴክኖሎጂ ከተማ ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ ያስቀመጠችው እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ነው። ቦታው 5,000 ኤከር ያህል ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ከታቀደው ጥቂቱ ነው ቆሞ የታየው። ይህ አማራጭ የፌዴራል መንግሥትን አቅም ይጠይቃል፤ ነባር ነዋሪ ያለበት የከተማ አስተዳደር በራሱ በጀት ሊሞክረው አይገባም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያቃልለው ችግር | የማስቀጠያ ወጪ | መብራት ሲጠፋ | ለከተማው ገቢ | ዋና ሥጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| የመቆጣጠሪያ ማዕከል | አደጋ፣ ትራፊክ | በጣም ከፍተኛ | ያለ ጄኔሬተር ይቆማል | እምብዛም | የግል መረጃ፣ ምላሽ የሚሰጥ ኃይል እጥረት |
| የመሬትና አድራሻ መዝገብ | የይዞታ ክርክር፣ ምልልስ፣ ግብር | መካከለኛ | የመስክ ሥራው ይቀጥላል | ከፍተኛ | አለመታደስ፣ የደካሞች መብት |
| የአንድ ማዕከል አገልግሎት | ወረፋ | መካከለኛ | ከመስመር ውጭ ካልተዘጋጀ ይቆማል | አነስተኛ | ያልተቀነሰ ፊርማ |
| የነዋሪ ካርታ | ጎርፍ፣ ቦይ፣ መንገድ | በጣም ዝቅተኛ | ይቀጥላል | በቀጥታ የለም | የመብት ማስረጃ አለመሆኑ |
| አዲስ ከተማ | ለነባሩ ነዋሪ ግልጽ አይደለም | ከከተማ አቅም በላይ | እንደ ግንባታው | ለዓመታት የለም | መጓተት |

## ለማን የትኛው?

ካፒታል በጀቱ ለመንገድ እንኳ የማይበቃ ትንሽ ከተማ በነዋሪ ካርታና በቤት ቁጥር ይጀምር። ለዚህ ጥቂት ታብሌቶች፣ በብረት ላይ የተጻፉ የቤት ቁጥሮችና አንድ ቋሚ ባለሙያ ይበቃሉ። ጎን ለጎን መዝገብ ቤቱን ማስተካከል ይቻላል፤ አቃፊዎችን በአንድ የቁጥር ሥርዓት መደርደርና አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር ማዘጋጀት ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም። እኚያን እናት ሁለት ወር ያመላለሳቸው የዚህ ዝርዝር አለመኖር ነበር።

መካከለኛ በጀት ያለው፣ በፍጥነት የሚስፋፋና የመሬት ክርክር የበዛበት ከተማ ያለ ብዙ ማመንታት የመሬት መዝገቡን ያስቀድም፤ ከሁለትና ሦስት ሰፈሮች ጀምሮ፣ በዚያ ያገኘውን የግብር ገቢ ወደ ቀጣዩ ሰፈር እያዞረ ይቀጥል። ነዋሪው የከፈለው ገንዘብ በዚያው ሰፈር በቦይ ወይም በመንገድ መብራት ካልታየው በሚቀጥለው ዙር በሩን አይከፍትም።

መዝገቡ በአመዛኙ የጠራለት ትልቅ ከተማ ወደ አንድ ማዕከል አገልግሎት ይሂድ። ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋው ከተማ በየትኛውም የበጀት ደረጃ ላይ ቢሆን የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ከሁሉም ያስቀድም። የካሜራ መረብ የሚፈልግ አስተዳደር ደግሞ በመጀመሪያ የትራፊክ ፖሊሱን፣ የአምቡላንሱንና የእሳት አደጋውን የስልክ ጥሪ በአንድ ክፍል አሰባስቦ ስድስት ወር ይሞክር፤ ያለ ካሜራ አብረው መሥራት ያልቻሉ መሥሪያ ቤቶች ካሜራ ሲገባ አብረው አይሠሩም።

በመጨረሻ፣ አማራጩ በስጦታ የቀረበ ቢሆንም እንኳ አራት ነገሮች በውሉ ሳይሰፍሩ መፈረም አይገባም። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ያለውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። መረጃው በየሦስት ወሩ በተለመደ የፋይል ቅርጽ ለከተማው እንዲገለበጥ ይደረግ። ሥርዓቱ በአማርኛና በአካባቢው የሥራ ቋንቋ እንዲሠራ፣ «ሀ»ን እና «ሐ»ን እየለየ የአንድን ሰው ስም ሁለት ሰው እንዳያደርግ በርክክብ ቀን በእውነተኛ የነዋሪ ስሞች ይፈተሽ። የመጨረሻው ክፍያም መሣሪያው ሲተከል ሳይሆን፣ ከተማው በራሱ ሠራተኞች ብቻ ሥርዓቱን አንድ ሙሉ ወር ካንቀሳቀሰው በኋላ ይለቀቅ።